ለሁለት የታዘዘ ሞላ

«ውሰደው አልኩህ እኮ! ዛሬውኑ ከግቢዬ ይውጣልኝ» አለች ሱዓድ፣ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ለባሏ ወንድም ለጂርየስ እየወረወረችለት።

ባሏ ኒምር ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሊባኖስ፣ ዛህሌ ከተማ ባለው ቤታቸው ወንዶቹ በረንዳ ላይ፣ ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ስኳር የሌለውን የለቅሶ ቡና ይጠጣሉ።

«የሟች ባሏን ሞተር እንዲህ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ምን ታድርግ፣ ጣውንቷ እኮ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አምና ከፋሲካ ማግስት አብረው ወደ ተራራው ሲወጡ፣ ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ንዝረቱን የሚያበርደው የኋላው አሞርዛተር ቁጭ አለ። ሱዓድ ወገቧን ይዛ ወረደች። «ሁለተኛ እዚህ ነገር ላይ ብወጣ ሱዓድ አይደለሁም!» ብላ ማለች።

ኒምር አልለመናትም። ሰውዬው መፍቻ እንጂ ልመና አያውቅበትም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ሞተሩን ይፈታል፣ ይገጥማል። የአሞርዛተሩን የፋብሪካ ሞላ ጥሎ ሌላ አስመጣ፤ የፊተኛውንም አሞርዛተር ለወጠ። እሷ በመስኮት እያየች፣ «ለብቻው ሊንሸራሸርበት ነው የሚያሳምረው» አለች በሆዷ። በድንገት ልቡ ቀጥ ሲል፣ ቂሟ አብሮት አልተቀበረም። እህልም አልቀምስ ብላ፣ እህቷ ለሚያ ሩዝ በዶሮ ይዛ ስትከተላት ትውላለች።

ጂርየስ ሞተሩን አስነስቶ ወጣና ብዙም ሳይርቅ ተመለሰ።

«አበላሽቶታል!» አለ ወገቡን እያሻሸ። «እንደ ፈንዲሻ አፈናጠረኝ! በቅሎ በስንት ጣዕሙ!»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሎት ሳቁን በቡና ሊያወርድ የሞከረ አንድ ሽማግሌ ትን አለው።

አርመናዊው መካኒክ ቫርታን ያን ጊዜ የሳሎኑ በር ላይ የሱዓድን እጅ ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያላት ነበር። ዞር ብሎ ጂርየስን ገላመጠው።

«ምን ይበላሻል? ብቻህን ተቀምጠህበት ነው እንጂ! ያ ሞላ ለሁለት ሰው ነው የታዘዘው።»

«ለሁለት?» አለች ሱዓድ።

«ማዳም፣ ሞላ በክብደት ነው የሚመረጠው። ያንቺን ስጠይቀው ስልሳ ኪሎ አለኝ። ‹ኒምር፣ ሚስትህን እኮ አውቃታለሁ› ስለው ግራ ቀኙን አየና፣ ‹የዘጠናውን ስጠኝ፤ ከጠየቀችህ ግን ስልሳ ነው ያልኩት› አለኝ።»

ለሚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ውሸታም! ዘጠና አልደርስም!» አለች ሱዓድና ሳቋ አመለጣት። ሴቶቹም ተከተሏት።

«አሁን ወገቧን አያማትም፤ ለወይን ለቀማ ይዣት እወጣለሁ ብሎ ነበር» አለ ቫርታን።

ሱዓድ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ከሞተ ወዲህ ያለ ቂም ሲናፍቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ግድ የለም፣ ሞላውን አስቀይሬ እነዳዋለሁ» አለ ጂርየስ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ሰጥተሽኝ?»

«ቁልፉን!»

ግቢ ወርዳ፣ ቫርታን መሪውን ደግፎላት፣ የኋላው መቀመጫ ላይ ወጣች። ሞተሩ ዝቅ ያለው ጥቂት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ለሚያ ሳህኗን ይዛ ደረሰች።

«አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ በማርያም!»

«አምጪው እንጂ» አለች ሱዓድ እንባዋን እየጠረገች። «እኔ ከከሳሁ የሰውዬው ልፋት ከንቱ ሊቀር ነው?»

ሳህኑን ፊት ለፊቷ ባለው የኒምር መቀመጫ ላይ አስቀምጣ መብላት ጀመረች።