ባለ ጎማዋ ቤት

አንዷለም ገሰሰ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ሥራ ሾፌር ሆኖ ኖረና ጡረታ ሲወጣ ወረታ ገብቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ጥሩብርሃን ሸክላ ሠሪ ናት። ሙያውን ከእናቷ ወርሳ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጭቃ ስታቦካና እንስራ ስታቆም ኖራለች። አርባ ዓመት ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ የኖሩት ጣቶቿ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ እያበጡ አስቸገሯት። ጧት ስትነሣ አይታጠፉም። የሹራቧን ቁልፍ እንኳ የምትቆልፍላት ልጇ ንጋት ነበረች።

ሐኪም ያዘዘላት ክኒን ሆዷን አቃጠላት። የሻላት የወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። ዐምና በየካቲት አንዷለም ይዟት ሄዶ ሰባት ቀን ስትታጠብ ጣቶቿ መዘርጋት ጀምረው ነበር። በስምንተኛው ቀን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ያረፉት ላስቲክ በለበሰ ዳስ ውስጥ ነው። ጥሩብርሃን ከሙቁ ውሃ ወጥታ እርጥብ መሬት ላይ ተኛች፤ ሳንባ ምች ይዟት ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ከረመች። ከዚያ ወዲህ የወንዛዬ ስም ከተነሣ መልሷ አንድ ነው።

"ሁለተኛ አልሄድም። ጣቴን አድናለሁ ብዬ ነፍሴን ላጣ!"

አንዷለም አይከራከራትም። ግን ጧት ጧት እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስትሞቅ ሲያያት ውሃ አሙቆ ያቀርብላታል።

በኅዳር መጨረሻ ንጋት ወደምትሠራበት የጽሕፈት ሱቅ ጎራ አለ። ንጋት ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ታትማለች፤ ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ የጨረታ ማስታወቂያ ከኢንተርኔት እያወጣች ለነጋዴዎች ትሸጣለች።

"አባየ፣ ይኸን እየው እስቲ" አለችና ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችለት።

ባሕር ዳር ላይ ሥራውን የጨረሰ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ያረጁ ዕቃዎቹን በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል። የተሰባበሩ መኪናዎች፣ ጄኔሬተር፣ የቢሮ ወንበር። ከሁሉ በታች አንዲት ነጭ ካራቫን አለች። ባለ ሁለት ጎማ፣ በመኪና የምትጎተት፣ ጥግ ጥጓ የዞረ፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት አሮጌ የውጭ አገር ሥራ።

አንዷለም መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። ከስክሪኑ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"ይቺን ዐውቃታለሁ።"

"እንዴት ታውቃታለህ?"

"እሷን ራሷን ባትሆን እኅቷን። ሥራ እንደ ጀመርሁ አንድ የውጭ አገር ቀያሽ ነበር፤ በሄደበት ሁሉ ቤቱን የምጎትትለት እኔ ነበርሁ። አልጋ አላት፣ ታጣፊ ጠረጴዛ አላት። አንድ ክረምት ደጋ ላይ በረዶ ሲያወርደው እኛ ድንኳን ውስጥ ስንንቀጠቀጥ ሰውየው መጽሐፍ ያነባል።" የካራቫኗን በር በጣቱ እየጠቆመ፣ "እናትሽ ወንዛዬ ላይ እዚህ ውስጥ ብታድር..." አለ።

ንጋት አባቷን አየችው። እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር።

ለጥሩብርሃን ላለመንገር ተስማሙ። የጨረታው ማስያዣ ገንዘብ ለጡረታ ጊዜው ካስቀመጠው ላይ ተከፈለ። ጨረታው ሦስት ቀን ክፍት ሆኖ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተጫራቾች በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁም። አንዷለም ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ሌላ የነካት ሰው አልነበረም። ዓርብ አምስት ተኩል ላይ ግን አሥራ አራት ቁጥር የሚባል ብቅ አለና ጨመረ። ንጋት ጨመረች። አሥራ አራት ጨመረ።

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ አንዷለም ላቡን እየጠረገ። "ምን ሊያደርጋት ነው?"

"ሻይ ቤት ሊያደርጋት ይሆናል። ልጨምር?"

"ጨምሪ።"

እንዲህ ሲባባሉ ጥሩብርሃን ከገበያ ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ደረሰች። አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ስክሪን ላይ ሲያፈጡ አየች።

"ምንድን ነው? ሰው ሞተ?"

አንዷለም ሊደብቅ ፈለገ፤ ግን መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበርና ሁሉንም ነገራት። ጥሩብርሃን ቆማ ሰማችው። ፊቷ መጥቆር ጀመረ።

"አንተ ሰውየ! ያለችንን ጥሪት አውጥተህ ቆርቆሮ ልትገዛ? ተወው። ንጋት፣ ዝጊው።"

"እማየ፣ መጀመሪያ ውስጧን እዪው" አለች ንጋትና ፎቶውን አሰፋችው።

ጠባብ አልጋ። ከአልጋው ራስጌ ትንሽ መስኮት፤ በመስኮቱ የገባ ፀሐይ ፍራሹ ላይ ተኝቷል። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ወለል። ጥሩብርሃን ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

"መስኮቱ ይከፈታል?"

"ይከፈታል" አለ አንዷለም። "ተኝተሽ የወንዛዬን ወንዝ ታያለሽ።"

"ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?"

"ሁለት" አለች ንጋት።

ጥሩብርሃን ቀና ሳትል፣ "በይ አንድ ጊዜ ጨምሪ። አንድ ጊዜ ብቻ! ከዚያ በላይ ከሄደ የሱ ዕድል ነው" አለች።

ንጋት ጨመረች። አሥራ አራት ቁጥር ዝም አለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን "ጨረታው ተዘግቷል፤ አሸናፊ 9" የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንዷለም እንደ ልጅ አጨበጨበ።

ሰኞ ቀሪውን ከፍሎ ባሕር ዳር ሄደ። የፕሮጀክቱ ግቢ ውስጥ ሣር ውጧት አገኛት። በፎቶው የታየው ቀኝ ጎኗ ደኅና ነው። ዞሮ ግራ ጎኗን አየ። አንድ ማሽን ገፍቷት ኖሮ ላሜራው ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል፤ በቀዳዳው ውስጥ የድመት ጎጆ ይታያል። ጎማዎቿ ተበጣጥሰዋል።

"ይኸን ጎኗን ለምን ፎቶ አላነሣችሁትም?" አለ ለንብረት ክፍሉ ሠራተኛ።

"ጋሼ፣ ማስታወቂያው ላይ 'ባለበት ሁኔታ' ይላል እኮ" አለ ሰውየው፤ ክፉ ሰው አይመስልም። "ቀድሞ መጥቶ ማየት ይቻል ነበር። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካላነሡ ደግሞ ገንዘቡም ዕቃውም ይቀራል።"

አንዷለም መሬት ላይ ተጋድሞ ከሥሯ ገባ። ጎማ ተሸካሚውን አክስል በመዶሻ ቆረቆረው፣ የመጎተቻ ማያያዣዋን ነቀነቀው። አጥንቷ ጤነኛ ነው። ልቡ ትንሽ ተመለሰ። የሚጎትታት ግን ከየት ይምጣ? የከባድ መኪና ባለቤቶች የጠሩት ዋጋ እሷን ከገዛበት በለጠ።

ቤት ገብቶ ለጥሩብርሃን ሲነግራት፣ "ትራክተር አይጎትታትም?" አለችው።

"ይጎትታታል።"

"እንግዲያ ወንድምህ ትራክተር አለው።"

የአንዷለም ታላቅ ወንድም ደሳለው ቁሐር ሚካኤል ላይ ሩዝ ያርሳል። አንዷለም ጥሩብርሃንን ያገባ ጊዜ ቤተሰቡ "ሸክላ ሠሪ አገባ" ብሎ ፊቱን አዞረበት። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል ይባል ነበር፤ ሠርጉ ላይ ከወገኑ አንድ ሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ወንድማማቾቹ ገበያ ላይ ሲተያዩ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። ደሳለው የወንድሙን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

"ከሱ ደጅ ከምቆም ካራቫኗ እዚያው ትበስብስ" አለ አንዷለም።

በማግሥቱ ጥሩብርሃን ነጠላዋን ለብሳ፣ ለማንም ሳትናገር ባጃጅ ይዛ ቁሐር ሚካኤል ወረደች። ሩዙ ታጭዶ ገለባው በየማሳው ተከምሯል፤ በእርጥቡ መሬት ላይ የተዘራው ጓያ አረንጓዴ ሆኖ ሜዳውን ሞልቶታል። የደሳለውን ቤት ጠይቃ ደረሰች። ደሳለው ግቢው ውስጥ መንሽ ይጠግናል። ሲያያት መንሹን ይዞ ቆመ።

"እንደምን አደሩ፣ አያ ደሳለው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ግራ ተጋብቶ። "ደኅና ነው? አንዷለም ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው። አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።"

ልትቀጥል ስትል ዓይኗ በሩ አጠገብ ያለ ጋን ላይ አረፈ። ትልቅ የውሃ ጋን። ቀረብ ብላ አንገቱን ዳሰሰችው። አንገቱ ሥር ሦስት የአውራ ጣት አሻራ አለ። የጣቷን ምልክት ዐወቀችው። ከጋኑ ጎን እንስራ አለ፤ እሱም የሷ ነው። በሩ ስላልተዘጋ ውስጥ ድስቶቹ ይታያሉ።

"ይኸን ጋን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች።

የደሳለው ሚስት ሠርካለም ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፋች።

"እናውቃለን" አለች። "ከገበያ በሰው እያስገዛሁ ነው። ያንቺ ዕቃ አይሰነጠቅም። እሱም ያውቃል።"

ጥሩብርሃን ልትቆጣ ትችል ነበር፤ ተቆጥታም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ከእጇ ሥራ ጠጥተዋል፣ በልተዋል፤ ደጇን ግን አልረገጡም። ያበጡ ጣቶቿን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ለደሳለው አሳየችው።

"ይኸን የሠሩት እጆች እነዚህ ናቸው። አሁን አልታዘዝ አሉኝ። ወንድምዎ ወንዛዬ ሊያሳክመኝ ባለ ጎማ ቤት ገዝቶልኛል፤ ቤቱ ባሕር ዳር ቆሟል። የሚጎትተው አጣን። ከፈለጉ ይምጡ፣ ካልፈለጉ ይተዉት። እኔ ግን ጠየቅሁዎ።"

ደሳለው እጆቿን ለረጅም ጊዜ አየ። መንሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"መቼ ነው የሚነሣው?" አለ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ትራክተሩ ወረታ አንዷለም ደጅ ላይ ተንደቀደቀ። አንዷለም ወጥቶ ወንድሙን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ደሳለውም ከመቀመጫው ሳይወርድ፣ "ውጣ፣ ይመሽብናል" አለው። የጥሩብርሃን ወንድም ትዕዛዙ ብየዳ ሠሪ ነው፤ ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች ተሸክሞ መጣና ሦስቱ ሄዱ።

ጎማው ተቀይሮ ካራቫኗ ከሣሩ ስትወጣ እኩለ ቀን ሆነ። ትዕዛዙ ዕቃ ሊገዛ ባሕር ዳር ቀረ። አንዷለም የትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ዞሮ ካራቫኗን ይጠብቃል። ሐሙሲት ከተማ ላይ ሰው ከየሱቁ እየወጣ አየ። "የማን ሠርግ ነው?" ብሎ የጮኸም ነበር። ጉማራ ድልድይ ሊደርሱ ሲሉ ደሳለው አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አልህ?" ብሎ ጮኸ አንዷለም፤ የሞተሩ ድምፅ ውጦት አልሰማውም።

ደሳለው ደግሞ ተናገረ። አሁንም አልተሰማም። ያን ጊዜ ትራክተሩን ከአስፋልቱ ዳር አወጣና ሞተሩን አጠፋ።

"በድዬሃለሁ ነው የምልህ" አለ ፊት ለፊቱን እያየ። "አባታችን ቢከለክለኝ ነው እያልሁ ኖርሁ። አባታችን ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ የከለከለኝ ማን ነው? ማንም። አፍሬ ነው የቀረሁት።"

አንዷለም ከተቀመጠበት ወረደ። ጎማዎቹን የሚፈትሽ መስሎ አንድ ጊዜ ዞረ። ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ሲመለስ፣ "ለኔ አይደለም የምትነግረው፤ ለሷ ነው" አለ።

"ለሷም እነግራታለሁ።"

ማታውን ነገራት። ጥሩብርሃን ወዲያው "ይቅር ለእግዚአብሔር" አላለችም። "ሰምቻለሁ" አለች፤ እራት አቀረበችለት፤ እሱም ቁጭ ብሎ በላ። ለመጀመሪያ ቀን ይኸው በቃ።

ትዕዛዙ የተተረተረውን ጎን በአዲስ ላሜራ በየደው። ወለሉ ግማሹ በስብሶ ስለነበር ጣውላ ገባለት፤ ንጋት መጋረጃ ሰፋች። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ውሃ እየረጩ ሞከሯት፤ ሁለት ጊዜ አፈሰሰች። በሦስተኛው አንዲት ጠብታ አልገባችም። ከጥምቀት በኋላ ደሳለው በትራክተሩ ጎትቶ የጠጠሩን መንገድ ይዞ ወንዛዬ አደረሳት። ከፍል ውሃው ከፍ ብሎ ካለ ሾላ ሥር አቆሟት።

ሠርካለምም አብራ መጣች። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል፤ ግን እንዴት ብላ እንደምትጠይቅ ቸግሯት ስንቁን ይዛ ትራክተሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጥሩብርሃንም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

አልጋው ለሁለት ሴት ጠባብ ነው፤ ታጣፊው ጠረጴዛ ሲወርድ ግን ሌላ መኝታ ይወጣዋል። አንዷለም ውጭ ከሾላው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ሁለቱ ሴቶች ጧት ጧት ተደጋግፈው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብዙ አላወሩም። በአራተኛው ቀን ሠርካለም ከውሃው ውስጥ፣ "ያን ጋን ስገዛ ሳንቲም ቀንሽ ብዬ በሰው አስከራክሬሽ ነበር" አለቻት።

"አስታውሳለሁ" አለች ጥሩብርሃን። "አልቀነስሁም።"

"አልቀነስሽም።"

ሁለቱም ሳቁ። ከጎናቸው የሚታጠቡት ዞር ብለው አዩዋቸው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ነፋስ ቀላቅሎ ዝናብ ጣለ። በየዳሱ ያሉት በሽተኞች ላስቲካቸውን ሊይዙ ተራወጡ። ጥሩብርሃን በሩን ከፍታ ከዳሱ ሁሉ ያረጁትንና የደከሙትን ጠራች፤ ስድስት ሰው በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ "ይኸ ነገር ከየት ተገዛ?" አሉ።

"ከኢንተርኔት" አለች ጥሩብርሃን።

"ገበያው ሩቅ ነው?"

"ሱቁ ወረታ ነው፤ ልጄ ታሳይዎታለች" አለች። ዝናብ የሚያስገባውን ክፍት የመስኮት መከለያ ልትዘጋ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ መያዣውን ጨበጡት። ገና ያማሉ፤ አንዱ ጨርሶ አልታጠፈም፤ ግን ጨበጡት። ማንንም ሳትጠራ መስኮቱን ዘጋችና ለአሮጊቷ ቦታ አሰፋች።