የልብስ ሰፊዋ ጉልበት

ታናሽ እህታቸው ሴት ልጅ በሰላም ብትገላገል፣ ልብስ ሰፊዋና ወንድሟ ፀጉር አስተካካዩ "ስም የማወጣው እኔ!" ተባባሉ። ልጅ ሳሉ ጌም ቤት ይፋለሙበት የነበረው የቡድን ድብድብ ጌም ዛሬ ቤት ድረስ መጥቶ የለ? ያሸነፈ ሊሰይም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ከሦስት ሦስት ተደባዳቢዎቻቸው አንድ አንድ ብቻ ቀሩ።

"እጅ ስጪ፣ እትዬ!" አላት።

"ምላስህ ከመቀስህ ይብሳል!"

የጥንቱ የጌም ቤት ማሽን ቁልፍ እምቢ ስለሚላት፣ ለመጨረሻው ምት ማሽኑን በጉልበቷ መጎሸም ልማዷ ነበር። ልማድ ክፉ፣ አሁንም የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ጎሸመችው! ሶኬቱ ተነቀለ፤ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ።

"አሸንፌ ነበር!" ብላ ጮኸች።

"በጨለማ?"

አራሷ በሳቅ ፍርስ አለች። "ቡድኑ የሦስት አይደል? ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። እናንተ ወድቃችኋል፤ ስሙን እኔው አወጣለሁ!"