የመምሬ ሰይፈሥላሴ ወንበር

በ1984 ዓ.ም. ክረምት ሥራ አልነበረኝም። ጆንያ የምሰፋበት ፋብሪካ በግንቦት አሰናበተን። ሰኔ ላይ ሬዲዮኑን ሸጥኩ። ሐምሌ ላይ የባለቤቴን የሀበሻ ቀሚስ ሸጥን። ከዚያ ወዲያ የሚሸጥ ነገር በቤታችን አልቀረም። ሁለት ልጆች ነበሩን፤ ትንሹ ገና ጡት ይጠባል። የእናቱ ወተት ቀነሰ። ዝናቡ አላባራም። የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ታችኛው ሰፈር ገባ። የእኛ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረ ውኃው አልደረሰብንም። ረሃቡ ግን ደረሰብን።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል አለፍኩ። ቅዳሴ ገብቷል። የመምሬ ሰይፈሥላሴ ቮልስዋገን ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ዞር ብላ ጥግ ላይ ቆማለች። መምሬ ከአባታቸው የወረሷት መኪና ናት፤ በሰፈሩ የማያውቃት የለም። የቮልስ የፊት ወንበር መያዣውን አንስተው ወደ ፊት ሲገፉት ከሃዲዱ ወጥቶ እጅ ላይ ይቀራል። ይህን ከፋብሪካው ሾፌር አይቼ ነበር። በሩ አልተቆለፈም። የሾፌሩን ወንበር አወጣሁ፤ በራሴ ላይ ተሸክሜ በዝናቡ ውስጥ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ «በርታ፣ ቤት መቀየር በክረምት ከባድ ነው» አሉኝ። ወንበሩን ለአንድ ሻይ ቤት ሸጥኩ። በዋጋው ሩብ ኩንታል በቆሎ ገዛሁ። ልጆቹ በሉ።

ለባለቤቴም አልነገርኩም። በማግስቱ ደብር ቀየርኩ።

ከዚያ ዓመቱ ተሻለ። የመኪና ወንበር መስፋት ለመድኩ። ለምን ይህን ሥራ እንደመረጥኩ ማንም አልጠየቀኝም። ቃሊቲ ከጭነት መኪኖች ማቆሚያ ጀርባ የቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ። ቮልሷ ስታልፍ ከርቀት አያታለሁ። መጀመሪያ መምሬ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይነዱ ነበር። ቆይተው ከጭነት መኪና የወጣ ወንበር አስበየዱ። ወንበሩ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። እያየሁት እሳቸውም ዓመት በዓመት ወደ ግራ አዘነበሉ።

በ2006 ለባቡሩ ሲባል መንገዱ ተቆፍሮ ሳለ ቮልሷ በጭቃው መሃል መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። መምሬ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። ቀይ የሱፍ ቆብ አድርገዋል። አላወቁኝም። አምባው እባላለሁ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሐኪም ወይ ወንበሩን ይቀይሩ ወይ መንዳት ይተዉ እንዳላቸው ነገሩኝ። መንዳት ቢተዉ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቀዳሽ አታገኝም። ወጣቶቹ ካህናት ታክሲ የለም እያሉ አይሄዱላትም።

«የዘመኑ ወንበር ይገባላታል?» አሉ።

«አስገባዋለሁ» አልኩ።

ዕዳዬ በእግሩ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሟል። ወንበሩን በነፃ ሠርቼ ዝም ብዬ ልለያቸው አሰብኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ያለ አንድ ቃል ላወርደው ፈለግኩ።

ወንበር ፍለጋ ሻፊ ዘንድ ሄድኩ። ሻፊ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከተጋጩ መኪኖች የወጣ ዕቃ ይሸጣል። ከኋላ ተመትታ የተጣለች ቪትስ ነበረችው፤ የፊት ወንበሮቿ ጤነኛ ናቸው። የጀርባ መደገፊያቸው ወገብ ላይ ይገጥማል፤ የራስ መደገፊያም አላቸው። ለየትኛው መኪና እንደሆነ ስነግረው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ከመኪናው ይበልጣል። መኪናውን ወንበሩ ላይ ግጠሙት እንጂ።»

ሁለቱንም ወሰድኩ። ከኪሴ ከፈልኩ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። የቮልስ ወለል መሃሉ ጉብ ያለ ነው፤ የቪትስ ወንበር እግር ደግሞ ጠፍጣፋ ወለል ይፈልጋል። አሮጌውን ብየዳ በግራይንደር ቆረጥኩ። የዛገውን ላሜራ አንስቼ አዲስ ጣፍኩ። ከአንግል ብረት አራት አራት እግር ሠራሁ፤ በጉብታው በኩል ያሉትን አሳጠርኩ። ወንበሩን ሳልበይድ ባለቤቱን መለካት ልማዴ ነው። በሜትር አለካም። ሰውየውን መኪናው ውስጥ ጣውላ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ዓይኑ የመስተዋቱ መሃል እስኪደርስ ጣውላ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ከዚያ የጣውላውን ቁመት በጣቴ ለክቼ እግሩን እቆርጣለሁ። መምሬን በአምስት ጣውላ ላይ አስቀመጥኳቸው። እግራቸው ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፤ መሪው ሆዳቸውን አይነካም። በየድኩ፤ በብሎን አጠበቅኩ፤ ልባሱን በጥቁር ቆዳ ሰፋሁ።

አራተኛው ቀን ተቀመጡበት። ጎን ላይ ያለውን መጎተቻ ሲስቡት ጀርባው ወደ ኋላ ተኛ፤ እሳቸውም አብረው ተኙ። ጣሪያውን እያዩ ሳቁ።

«ይሄማ ያስተኛል። ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው።»

ዋጋ ጠየቁኝ። ምንም አይከፈልም አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። የማያውቁት ሰው በነፃ የሰጣቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ መቅደስ እንደማይሄዱ ነገሩኝ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ገንዘቡን መቀሴ ሥር አስቀምጠው ሄዱ። ገንዘቡን አልነካሁትም። ዕዳው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም አሁን ተከፍሎኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቮልሷ ተመልሳ መጣች። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ነበር የሚነዱት። ነጩ ጥምጥማቸው ጣሪያው ሥር ተጨፍልቋል። የለካኋቸው በቆብ ነው። ቄስ ለቅዳሴ ሲሄድ እንደሚጠመጥም ረሳሁት። እኔ፣ ስንት ዓመት የካህን መስቀል የተሳለምኩ ሰው።

«አምባው፣» አሉ ሳይወርዱ፤ «ወገቤን አዳንከው፣ አንገቴን ወሰድከው። መንገዱን ሁሉ ለመኪናዬ ስሰግድ መጣሁ።»

ያን ዕለት ሰንበት ነውና ብረት አልነካሁም። ሰኞ ጠዋት ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ጣውላ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሦስት ጣውላ ሆነ። እግሮቹን አራት ጣት ቆረጥኩ፤ እንደገና በየድኩ። ተቀመጡ። በጥምጥሙና በጣሪያው መሃል እጄን አሳለፍኩ፤ አለፈ። ወገባቸው ቀጥ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት እያየሁ ቀጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ገንዘቡን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩ።

«በ84 ፍልሰታ የዚህችን መኪና ወንበር የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

መሪውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። መኪናዋ ውስጥ የብየዳ ሽታ ነበር።

«ልጆች ነበሩህ?»

«ሁለት።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ትልቋ አስተማሪ ናት።»

«እሰይ» አሉ። ያለቀ መሰለኝ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ቡልቻን ታስታውሰዋለህ?»

አስታወስኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ነበር። መምሬ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ወንበሩ ሲጠፋ ቡልቻ በሩ ላይ ነበር። ሌባ ነህ አላሉትም፤ ለማንም አልከሰሱትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሳለም ሲመጣ መስቀላቸውን ወደ ሌላው ሰው ያዞሩ ነበር። አንድ ዓመት ታገሠ፤ ከዚያ ሥራውን ትቶ ሄደ። አሁን ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ዘበኛ ነው። ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሁልጊዜ በበሩ ያልፋሉ። መስኮት ዘግተው።

እኔ የማውቀው ዕዳ አንድ ነበር። ሌላ ሰው ሲከፍለው እንደኖረ አላውቅም ነበር።

ሱቁን ዘጋሁ። በሁለተኛው የቪትስ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ጉድጓድ ስንገባ መምሬ «አልተሰማኝም» ይሉ ነበር፤ ሌላው ጉድጓድ ላይም እንዲሁ።

ቡልቻ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሸብቷል። ቮልሷን ሲያይ ተነሣ፤ ስትቆም ግን ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ መንገዱ ዳር ነበር። አነሣሁና አንገቴ ላይ አድርጌ ፊቱ ቆምኩ፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው በአገራችን እንደሚያደርገው። መምሬም ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሊያነሡ ሞከሩ።

«ይተዉ መምሬ፣ ወገብዎን ገና ዛሬ ጠዋት ነው የጠገንኩት» አልኩ። «ይሄ ለሁለታችን ይበቃል።»

ከድንጋዩ ሥር ሆኜ ለቡልቻ ሁሉንም ነገርኩት። ወንበሩን፣ ዝናቡን፣ በቆሎውን። መምሬ የራሳቸውን ነገሩት። ሁለት የኮንዶሚኒየም ሴቶች ቆመው ያያሉ።

«ወንበሩን እኔ እንዳልወሰድኩ እኔ አውቃለሁ፤» አለ በመጨረሻ ለመምሬ። «የቀረብኝ መስቀሉ ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። ቡልቻ ግንባሩን ሰጠ፤ ተሳለመ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ትከሻውን ሳሙት፤ ጥምጥማቸው ሊወድቅ ሲል በእጁ ያዘላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአንገቴ ላይ አነሣ። የቮልሷ የእጅ ፍሬን አይዝም ነበር፤ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። ድንጋዩን ወስዶ ከኋላ ጎማዋ ሥር አደረገና መጥቶ ጨበጠኝ።