የግዴታ እረፍት

ሾፌሮች ሁሉ «እትዬ ተሳቢ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ሁለት ወንዶች ላብ በላብ ሆነው ያቃታቸውን ጠባብ የመጋዘን በር፣ ባለ ሃያ ሁለት ጎማውን መኪና ከነተሳቢው ወደ ኋላ እየነዳች በአንድ ጊዜ የገባች ቀን ነው። ያን ቀን ካጨበጨቡላት መካከል ገሚሶቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ገሚሶቹም ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ ስሙ ግን አብሯት ቀርቷል።

እሷና ባሏ አንድ መኪና ላይ ተመድበው መሥራት ከጀመሩ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። እሱ ሲነዳ እሷ ከጋቢናው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ እሷ ስትነዳ እሱ ይተኛል። በትዳር ሃያ ስምንት ዓመት ቢኖሩም፣ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሁለቱም ነቅተው ፊት ለፊት የተቀመጡበትን ቀን ቁጠሪ ብትባል ጣቶቿ ይተርፏት ነበር።

እንዲህ ያደረጋቸው ደንቡ ነው። ጭነቱ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ የሚሻገር ከሆነ፣ የፌዴራሉ ሕግ አንድ ሾፌር በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ መሪ እንዲይዝ አይፈቅድም። በክልሉ ውስጥ ብቻ የሚመላለሰው ግን አሥራ ሁለት ሰዓት መንዳት ይችላል። ለምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያስረዳ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። «የክልሉ መንገድ አያደክምም ይሆናላ» ይላል ባሏ ሲቀልድ። ለማንኛውም ሁለት ሾፌር ያለው መኪና ሳይቆም ይሄዳል፤ የስምሪት ኃላፊው የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ያን ዕለት የወለል ሴራሚክ ጭነው፣ የክልሉን ድንበር አለፍ ብሎ ካለው ሚዛን ጣቢያ የደረሱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። እትዬ ተሳቢ መሪውን ከያዘች ሃያ ደቂቃ ቢሆናት ነው። ባሏ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ስትነሳ «መንገድ ተዘግቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነበር፤ እንቅልፍሽን ልረብሽ አልፈለግኩም» ብሏት ነበር። መንገዱ ደግሞ ሰሞኑን መዘጋት አብዝቷል።

ክብደቱ ልክ ሆነ። ጎማውም ፍሬኑም ታየ። ተቆጣጣሪዋ የጫማዋን ተረከዝ ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ የምትጎትት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ቆማ ያደረች ሴት ነበረች። የሰዓት መዝገቡንና የናፍጣ ደረሰኞቹን ይዛ ወደ ትንሿ ቢሮ ገባች። ትንሽ ቆይታ ሁለቱንም አስጠራቻቸው።

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሚነዱት እርስዎ ነዎት?» አለቻት መዝገቡን አዙራ እያሳየቻት።

እትዬ ተሳቢ ገጹን አየችው። በባሏ የተጣመመ የእጅ ጽሑፍ «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፦ መንዳት» ተብሎ በእሷ አምድ ላይ ሰፍሯል። ከሥሩ የገዛ ፊርማዋ አለ። መዝገቡን የሚሞላው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ሲነሱ፣ ገጹ ባዶ ሳለ፣ «በኋላ እንዳትቀሰቅሰኝ» ብላ ፈርማለት ትተኛለች።

ተቆጣጣሪዋ አንዲት ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይኼ ናፍጣ የተቀዳው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ ነው። በእሳቸው ካርድ። መዝገቡ ግን በዚያ ሰዓት ተኝተዋል ይላል። ተኝቶ ናፍጣ የሚቀዳ ሾፌር እስካሁን አላየሁም።»

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ ባሏ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «እሷ ምንም አታውቅም። ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላሁም። በክልሉ ደንብ…»

«አባቴ፣ ድንበሩን እኮ ተሻግረዋል። ጭነትዎም ከመነሻው የዚህ ክልል አልነበረም። በእርስዎ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ ነው።» ብዕሯን አነሳች። «ስንት ጊዜ ሆነዎት? አንድ ቀን ነው አይበሉኝ።»

ባሏ ጣሪያውን አየ። «አራት ወር።»

እትዬ ተሳቢ መዝገቡን ሳብ አድርጋ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ በየገጹ ፊርማዋ አለ።

ቅጣቱ ተጻፈ። ባልየው ለሠላሳ ቀን ክልል የሚያሻግር ጭነት እንዳይነዳ ታገደ። እሷ ባዶ ገጽ ላይ በመፈረሟ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። መኪናው ደግሞ አሥር ሰዓት ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

«እኔ እኮ ተኝቼ ነው ያደርኩት!» አለች እትዬ ተሳቢ። «እሱ ይረፍ፤ እኔ ለምን እቆማለሁ?»

«አውቃለሁ እናቴ። ደንቡ ግን የሚያቆመው መኪናውን ነው፤ የተኛና ያልተኛ አይለይም።» ተቆጣጣሪዋ ማኅተሙን መታች። «እኔም ብሆን ቶሎ ብትሄዱልኝ ነበር የምወደው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ጥግ አቁሙት።»

እትዬ ተሳቢ መኪናውን ጥግ አስያዘች፣ ወርዳ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገች፣ በሩን በኃይል ዘጋችው። ባሏ ታኮውን ሊያስተካክል ሲያጎነብስ «እንዳትነካው» አለችው። ተወው።

ከአጥሩ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ነበረች። እዚያ ሄደው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሱ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አዘዘ፤ እንቁላሉን ልጦ ወደ እሷ ሰሃን ገፋላት። ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ይህን ያህል መሸበቱን አላስተዋለችም ነበር። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«አራት ወር» አለች።

«እናትሽ ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ የለሽም» አለ። «አልጋው ላይ ስትገላበጪ እሰማሻለሁ። የምትተኚ እንዳይመስልሽ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምታነጊው። እንቅልፍ የሚወስድሽ ተራሽ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ያኔ ደግሞ እንደ ድንጋይ ትተኛለሽ። አንድ ቀን ልቀሰቅስሽ መጋረጃውን ገለጥኩ። አፍሽን ከፍተሽ፣ ልክ እንደ ልጃችን… አልቻልኩም። የስልክሽን ደወል አጠፋሁና ቀጠልኩ።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱም አልቻልኩም።»

እናቷ ያረፉት እሷ መንገድ ላይ ሳለች ነው። ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም። ይህን ለማንም አላወራችውም፤ ለእሱም አላወራችውም፤ መቼ ታወራዋለች? እሱ ሲነቃ እሷ ተኝታ፣ እሷ ስትነቃ እሱ ተኝቶ። አሁንም ቁጣዋ ቀደመ።

«እና ቀስቅሰህ አታናግረኝም ነበር? ምን ነካህ አንተ ሰው? አርባ ቶን እኮ ነው የምንጎትተው! በመዝገቡ አሥር ሰዓት እያልክ፣ ከዚያ ሁሉ ቁልቁለት ስንት ሰዓት ነድተህ ነው ያወረድከን?»

«አንዳንድ ቀን አሥራ ሁለት። አንዳንድ ቀን…» ቆም አለ። «አሥራ ሦስትም ሆኖ ያውቃል።»

«እንቅልፍ ወስዶህ ያውቃል?»

ዳቦውን ቆርሶ ቆርሶ ሰሃኑ ላይ ፍርፋሪ ቆለለ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ባለፈው ሳምንት። አንድ ጊዜ ብቻ። ጎማው የመንገዱን ዳር ጠጠር ሲረግጥ ድምፁ ቀሰቀሰኝ።»

እትዬ ተሳቢ ታወሳት። ከአልጋው ተወርውራ ግንባሯ ከመደርደሪያው ተላትሞ ነበር። «ምንድን ነው?» ስትለው «ላም ገብታብኝ ነው፤ ተኚ» ብሏት፣ እሷም ላሚቱ ተረፈች ወይ ብላ ጠይቃ፣ ተረፈች ስላላት ተመስገን ብላ ተኝታለች።

«ላም ነው ያልከኝ!»

«ላም ነው ያልኩሽ።»

«ለሌለች ላም ነዋ ተመስገን ያልኩት!»

ባለ ሻይ ቤቷ ዘወር ብላ አየቻቸው። ባሏ ሊስቅ ብሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ተነቃነቀ። በሃያ ስምንት ዓመት ሲያለቅስ ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሰው ሞቶ ነበር። እጇን ልትዘረጋለት አሰበች፤ ቁጣዋ ግን ገና አልለቀቃትም። የቀዘቀዘውን ሻይዋን ጠጣች።

ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ከመኪናው ጎን ባለችው ጥላ ሥር ካርቶን አነጠፉ። እሱ ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ዝንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍ እንኳ አልነቃም። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ሚዛኑ ላይ የሚወጡትን የሚወርዱትን መኪናዎች ስታይ ቆየች። አንድ አውቶቡስ ከልክ በላይ ሰው ጭኖ ተያዘና ተሳፋሪው ወርዶ እየተጨቃጨቀ ተሰለፈ። ረዳቱ «ዘመዶቼ ናቸው፤ ትርፍ አይደሉም» እያለ ይምላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

ስልኳ ጠራ። የስምሪት ኃላፊው ነበር።

«እትዬ፣ ምን እየሰማሁ ነው? ደንበኛው ነገ ጠዋት ይፈልገዋል።»

«ነገ ጠዋት አይደርስም።»

«ማለት?»

«ማለት ከዚህ በኋላ የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ። አሥር ሰዓት ነድቼ እቆማለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ከነገ ወዲያ ነው የምደርሰው።»

«እንዴ፣ እሱ እኮ ትንሽ ሊያግዝሽ…»

«ልክ ነህ፣ አግዞኝ ነው እዚህ የቆምነው። ካልተስማማህ ሌላ ሾፌር ላክና መኪናህን ተረከበኝ።»

ኃላፊው በረጅሙ ተነፈሰ። የሚልከው ሾፌር እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። «እሺ፣ ከነገ ወዲያ» አለና ዘጋ።

ባሏ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃ። ጉንጩ ላይ የካርቶኑ መስመር ታትሞበታል። የት እንዳለ እስኪያውቅ ድረስ ዙሪያውን አየ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው ወደ እሱ ሳትዞር። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ስነሳ ፀሐይ ወጥታ አያት ነበር። መንገድ በየቀኑ እንደማይዘጋ አጥቼው አይደለም። ልጠይቅህ እልና… ከጠየቅኩ ነገ ትቀሰቅሰኛለህ። መተኛቱን ወድጄው ነበር።»

እሱ ጫማውን ፈልጎ አደረገ።

«ቀብሯ ላይ አለመድረሴ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ» አለች ቀጥላ። «ስደውል የምታነሳው ይመስለኛል። ቁጥሯን እስካሁን አላጠፋሁትም። አንድ ቀን ደወልኩ፤ ያነሳው የማላውቀው ሰው ነው፤ ቁጥሩ ለሌላ ተሸጧል። ‹ይቅርታ ተሳስቻለሁ› ብዬ ዘጋሁት።»

«መቼ?»

«አንተ ተኝተህ።»

አጠገቧ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ስለ እናትየው አወራት። አማች ሆኖ ቤታቸው የገባ ሰሞን ነገረኛ ናቸው ብሎ ይፈራቸው እንደነበር፣ አንድ ቀን መኪናው ተበላሽቶበት ሲገፋ አይተው ነጠላቸውን አገልድመው አብረውት እንደገፉ። ይህንን አታውቅም ነበር። «እማዬ መኪና ገፋች?» አለች። «ያውም እየተሳደቡ» አላት። ያኔ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች፤ የሚያልፉ ሾፌሮች አይተው እንዳላዩ ሆነው አለፉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የማታ ተረኛው ተቆጣጣሪ መጥቶ ወረቀቱ ላይ ፈረመላቸው። እትዬ ተሳቢ መሪውን ያዘች። ባሏ ቀበቶውን አስሮ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እግሩን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀኝ እግሩ ወለሉን ሲረግጥ አየችው።

«ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» አለችው።

«ሁለተኛ ማርሽ አድርጊያት።»

«ተሳፋሪ ነህ። ተሳፋሪ አርፎ ነው የሚቀመጠው።»

ሴራሚኩን በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አራገፉ። የመጋዘኑ ሰውዬ ስለ መዘግየቱ ብዙ ተናገረ፤ እሷም «እሺ፣ እሺ» እያለች ሰማችው፤ ለመከራከር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ስምሪት ክፍሉ እሱን ለሠላሳው ቀን የክልል ውስጥ አሸዋ ጭነት ላይ መደበው። እሷ ለአሥር ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ አምስት ሰጧት። ከዚያ በኋላ አብረው ይመደቡ አይመደቡ ገና አልተወሰነም፤ እነሱም አልወሰኑም። ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ቃል አስገብቷታል። እሷም በእሷ ተራ አንዲት ደቂቃ ቢጨምር፣ መኪናውን መሀል መንገድ አቁማ በእግሯ እንደምትሄድ ምላለታለች።

ቤት የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። መጋረጃውን ዘጉ። ሁለቱም እኩል አልጋ ላይ የወጡበትን የመጨረሻ ቀን አላስታወሱም፤ አንደኛው ሲተኛ ሌላው እየነዳ፣ ለስድስት ዓመት ሁለቱም የለመዱት የመኪናውን አልጋ መሀሉን ይዞ ለብቻ መተኛት ነበር። ሁለቱም መሀሉን ይዘው ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ።

«በየት በኩል ነበር የምተኛው?» አለ።

«በግድግዳው በኩል መሰለኝ። ወይስ እኔ ነበርኩ?»

«እኔ ልሂድ ወደ ግድግዳው።»

ተራምዷት ሲያልፍ ጉልበቷን ረገጣት። «ቀስ!» አለችው። ሳይመልስላት ማንኮራፋት ጀመረ። ጎረቤት የተከፈተው ሬድዮ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። እትዬ ተሳቢ ዓይኗን ገልጣ ትንሽ አዳመጠች፤ ነገ ዝናብ አለ አሉ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ ከሥሩ ጎትታ ወደ ራሷ ሳበችው።