ኦ ዘጠና አራት

ማኖንግ ፒድዮ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን የውሃ ቆጣሪ ክዳን ከፈተ። ከኋላ ኪሱ የጥርስ ብሩሹን መዘዘና መስታወቱን ፈተግ ፈተግ አደረገው። ከዛ በብሩሹ እጀታ ክዳኑን ሁለቴ ኳ ኳ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከማናንግ ሎሊንግ ሱቅ ጣሪያ ላይ፣ ሞንታርቦ የሚሉት ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸና፣

"አይ ሃያ ሦስት" አለ።

ማኖንግ ፒድዮ ቆጣሪውን አፍጥጦ አየው። ግንባሩን ሰብሰብ አደረገ፤ ትወናው እንኳን አይታማም። "ስምንት መቶ ሃያ ሦስት" አለ።

ከኋላው የቆመው ኢንጂነር ጄሪክ እጁ ላይ ያለችውን መሣሪያ ነካ አደረጋት። ጢጥ አለች። ስምንት መቶ ሃያ ሦስት። ማዳም ክሪስቴታ፣ የምክር ቤቱ የውሃ ጉዳይ ሰብሳቢ፣ ጃንጥላዋን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችና ደብተሯ ላይ ራይት አደረገች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኖንግ ፒድዮ አያይም። ማለቴ፣ ሰው ያያል፣ አሳማ ያያል፣ ሞተር ሲመጣበትም ዘሎ ይወጣል። ቁጥር ነው እምቢ ያለው። ሁለት ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ቆጣሪ የማያነብ ሰው ቡንጋላን ከተማ ውስጥ እሱ ብቻ ነው፣ አንባቢውም እሱ ብቻ ስለሆነ።

ከተማው ሁሉ ታላቅ ወንድሙ ይመስል ማኖንግ ይለዋል፤ ለታላቅ እህት ደግሞ ማናንግ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በየደጁ ሲጎነበስ ኖሯል። ስለዚህ ዓይኑ ሲደክም ማንም ምንም አላለም። እሱ መጥቶ ሲጎነበስ የቤቱ ሰው ልብስ የሚያሰጣ መስሎ ብቅ ይልና ለራሱ የሚያወራ ይመስል ቁጥሩን ጮክ አርጎ ያነበዋል። እሱም የሰማ አይመስልም፤ ይጽፋል፤ ይሄዳል። እንዲህ ተባብሎ የተዋዋለ የለም። ዝም ብሎ ሆነ።

ይሄ ሁሉ የተበላሸው ምክር ቤቱ ቁጥሩን ራሱ በአየር የሚልክ ቆጣሪ ልግዛ አልግዛ ብሎ ስብሰባ ሲቀመጥ ነው። ጄሪክ ከማኒላ መጣ፤ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባሉት ሃያ ቆጣሪዎች ላይ ክብሪት የምታክል ነገር ለጠፈ። ማዳም ክሪስቴታም ፈረደች። ፒድዮና መሣሪያው ሃያውን ቤት አብረው ያንብቡ፤ ካልሳተ ጡረታው እስኪደርስ ስምንት ወር ይቆያል፤ ከሳተ ግን ዛሬውኑ ይሰናበታል፣ ሙሉ ጡረታውም ይቀርበታል። ደግሞ ወሬ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ በፈተናው ቀን ቆጣሪ አጠገብ የሚደርስ ነዋሪ እንዳይኖር ብላ አዘዘች።

ቢንጎ መጫወት ግን አልከለከለችም።

ሐሳቡ የማናንግ ሎሊንግ ነው። ሰው ሲሞት ሬሳው አጠገብ የሚያድረው ሐዘንተኛ እንዳያንቀላፋ ቢንጎ የምታጫውት እሷ ናት፤ ድምጿ የሞተውንም ይቀሰቅሳል። ጎህ ሳይቀድ ባትሪ ይዛ ሃያውንም ቆጣሪ አንብባ የሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፈች። ማኖንግ ፒድዮ ያለፈውን ወር ቁጥር በቃሉ ስለሚያውቀው የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ብሩሹ ሁለቴ ኳ ኳ ሲል፣ ቀጥሎ የሚጠራው የሱ ነው። ከቁጥሩ ፊት የምትባለዋ ፊደል፣ ከቢ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኦ አንዷ፣ የካርቴላው ዓምድ ስም ብቻ ናት። ቢንጎ ሰባ አምስት ላይ ስለሚያልቅ ከዛ በላይ ላለው ሁለት ጊዜ ትጠራለች። ሰባ ዘጠኝ ከሆነ፣ "ቢ ሰባት"፣ ትንሽ ቆይታ "ቢ ዘጠኝ"። ሰፈሩ ካርቴላውን ይዞ፣ የበቆሎ ፍሬውን ደርድሮ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሏል። ያሸነፈ ግማሽ ኪሎ የደረቀ ዓሣ ይወስዳል።

አስራ ሦስት ቤት እንደ ቅቤ አለፈ። ጄሪክ መሣሪያውን ትቶ ሽማግሌውን ማየት ጀመረ። ማዳም ክሪስቴታ ራይቷን እየደረደረች ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ጆሮዋ ወደ ሞንታርቦው ይሄዳል። ቡንጋላን ውስጥ እሷን የሚያህል የቢንጎ ሱሰኛ የለም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ማናንግ ሎሊንግም ታውቃለች፤ ግን ሱሰኛ ማለት ሰሚ ማለት መሆኑን ማን አሰበው?

አስራ አራተኛው ቤት ጋ ጉድ ፈላ። ማኖንግ ፒድዮ ገና መስታወቱን እየፈተገ እያለ የጎማ ጠጋኙ ቤኒኞ ከመሬት ብድግ አለና ቢንጎ ብሎ ጮኸ። ከልቡ። ሰውዬው እውነት ደርሶለታል። አንዷ አጭበርብረሃል አለችው፣ እሱ የበቆሎ ፍሬውን ቁጠሪ አላት፣ ሌላው ዓሣውን አነሳ፣ ማናንግ ሎሊንግ ዓሣውን አስቀምጥ እያለች በማይኩ ትሳደባለች። እዚህ መሀል ብሩሹ ኳ ኳ አለ። ማናንግ ሎሊንግ ደንግጣ ካርቶኑን አየችና፣

"ኦ ዘጠና አራት" አለች።

የበቆሎ ፍሬ የሚወረውር እጅ እንኳን ቆመ። ማናንግ ሎሊንግ ማይኩን የያዘ እጇን ቀስ አርጋ ወደ ጉያዋ ሸጎጠች፣ እንዲህ ካደረገች የተባለው ያልተባለ ይሆን ይመስል።

ማዳም ክሪስቴታ ጃንጥላዋን አጠፈች። "ሎሊንግ" አለች ሳትጮህ፣ "ቢንጎ ከመቼ ወዲህ ነው ዘጠና አራት የገባበት?"

"አዲስ ካርቴላ ነው፣ ማዳም" አለች ማናንግ ሎሊንግ። "ከማኒላ የመጣ።"

ጄሪክ ከማኒላ ስለመጣ ሁሉም ወደሱ ዞረ። እሱ ምስኪን መሣሪያውን አየ። መሣሪያው ላይ ስድስት መቶ ዘጠና አራት ይላል። ጆሮው ቀላ።

ያኔ ማኖንግ ፒድዮ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። "እሷን አይቆጧት" አለ። "ለኔ ብላ ነው። አይታየኝም፣ ማዳም። ሁለት ዓመቴ።"

ማዳም ክሪስቴታ ደብተሯን ዘጋች። ሌላው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ቤኒኞ ብቻ ዓሣውን በቀስታ ወደራሱ እየጎተተ ነው።

"ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ቤት ሒሳብ ሳይዛነፍ መጥቷል" አለች በመጨረሻ። "ማን ነበር የሚያነብልዎት?"

"የቤትዎ ሠራተኛ። በገና በዓል ሰሞን አስራ ስምንት ሜትር ኩብ ተጠቅመናል አለችኝ። እኔ ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ።"

"ለምን?"

"ገመዱ ላይ ዘጠኝ ፎጣ ተሰጥቶ ነበር። ፎጣ ይታየኛል። ለእርስዎና ለእሷ ዘጠኝ ፎጣ ምን ያደርጋል? የእህትዎ ልጆች መጥተው ነበር። በኋላ ልጅቷን ስጠይቃት ሁለቱን እንደ አንድ አይታው ነው፤ አታላይ አይደለችም፣ የቸኮለች ናት።"

የማዳም ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ወደ ጄሪክ ዞረች።

"አንተ፣ የዚህ ከተማ ቆጣሪ ሁሉ የት የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ አለህ?"

"የሃያውን ብቻ" አለ ጄሪክ። "እሱንም ማኖንግ ናቸው ያሳዩኝ። አንዱ አሳማ ጋጥ ስር ነበር። ሌላው ላይ ሰውዬው ወጥ ቤት ሠርቶበታል።"

"የቀረው ሰባት ሺህስ?"

ጄሪክ በጣቱ ወደ ማኖንግ ፒድዮ ግንባር አመለከተ፣ እዛ ውስጥ ነው እንደማለት።

ማዳም ክሪስቴታ ደብተሯን ከፈተች፣ አንድ መስመር ጻፈች፣ ዘጋችው። ለምክር ቤቱ የማቀርበው ይሄ ነው አለች፤ መሣሪያው ይገዛል፣ እሱን ማንም አያስቀረውም፤ ስምንቱን ወር ግን ማኖንግ ፒድዮ እየመራ ቦታውን ያሳያል፣ ጄሪክ እየተከተለ ይለጥፋል፤ ከዛ በሙሉ ጡረታው ይሸኛል። ምክር ቤቱ እምቢ ካለኝ የማን አክስት ውሃ ሰርቃ እንደምትጠጣ እነግራቸዋለሁ አለች። ይሄን ስትል ሁለት ሦስት ሰው አሳላቸው።

ከዛ መንገዱን ተሻግራ ከማናንግ ሎሊንግ ሱቅ ፊት የፕላስቲክ ወንበር ሳበች። "አንድ ካርቴላ ስጪኝ። እስከ ሰባ አምስት ያለውን።"

ስድስት ቤት ይቀራል። ማኖንግ ፒድዮ አስራ አምስተኛው በር ላይ ደረሰ፣ ተንበረከከ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ መስታወቱን ፈተግ ፈተግ አደረገ። ማናንግ ሎሊንግ ማይኩን አፏ ላይ ደቅና ትጠብቃለች። ብሩሹን ለኳ ኳ ከፍ አደረገው።

እዛው አየር ላይ ትንሽ አቆየውና መልሶ ኪሱ ከተተው።

"ማነው ቤት?" ብሎ ወደ በሩ ተጣራ። "እስቲ ውጡና ስንት እንደሚል አንብቡልኝ፤ እኔ አይታየኝም።"