በድርቆሽ ሰገነት ላይ የተሰረቀው የሙሽራ ዜማ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም.፣ የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ሊውል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በኖርዌይ ተራሮች መካከል በምትገኘው በቬስልዳል ሸለቆ፣ ታርየይ የተባለ የሃያ ስድስት ዓመት ቫዮሊን ተጫዋች ከአዛውንቱ ከኦስሙንድ ቤት አንድ ዜማ ሰረቀ። አንባቢ ሆይ፣ ወርቅ ቢሰረቅ ባለቤቱ ይደኸያል፤ ዜማ ቢሰረቅ ግን ባለቤቱ እንደ ቀድሞው ባለጸጋ ሆኖ ሳለ ሌባውም ይከብራልና፣ ይህ ዓይነቱ ስርቆት በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ጠቢባን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የሸለቆው ደንብ ግን ግልጽና ጽኑዕ ነበር፦ ሙሽራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ባለ ቫዮሊን ከፈረሷ ፊት እየተጫወተ ይመራታል፤ የሚጫወተውም «የሙሽራይቱ ጎዳና» የሚባለውን ጥንታዊ ዜማ ካልሆነ፣ እናቶች ልጃቸውን ከደጅ አያወጡም። ይህን ዜማ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያውቁት ደግሞ ኦስሙንድ ብቻ ነበሩ፤ በሰርግ መካከልም ሌላ ባለ ቫዮሊን በአጠገባቸው ሲያልፍ ካዩ ዜማውን ቆርጠው ሌላ ይጀምራሉ።

የታርየይ እህት ጉንቮር በበዓሉ ማግስት፣ እሑድ፣ ልትዳር ነው፤ እርሱም ከፊቷ የሚሄደው የእርሱ እንጂ የሌላ ሰው የቫዮሊን ደጋን እንደማይሆን ቃል ገብቶላታል። ስለዚህ ኦስሙንድ ደጅ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«አባባ ኦስሙንድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰሙኝ።»

«አንድ ጊዜ ከሰማህ ትይዘዋለህ።»

«ሁለት ጊዜስ?»

«ሁለት ጊዜማ ከሰማህ ታበላሸዋለህ!» ብለው በሩን ዘጉበት።

ኦስሙንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብቻቸውን የመጫወት ልማድ ነበራቸውና፣ ታርየይ በመሰላል ወጥቶ ከክፍላቸው በላይ ባለው፣ ለከብት የደረቀ ሣር በሚከመርበት የድርቆሽ ሰገነት ተጋደመ፤ በሳንቃው ስንጥቅ ቁልቁል እያየ፣ የሚያስነጥሰውን አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ጨምቆ ያዘ። አዛውንቱም ያን የአገሩን ድንቅ ቫዮሊን፣ ደጋን ከሚነካቸው ከአራቱ አውታሮች በታች ማንም የማይነካቸው ሌሎች አውታሮች ተዘርግተው በራሳቸው የሚያስተጋቡበትን፣ አንሥተው ዜማውን አራት ጊዜ በዝግታና በግርማ ተጫወቱ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታጥፋ ቀረች፤ ታርየይም ይህን የመምህሩ ረቂቅ ምስጢር አድርጎ ቆጥሮት፣ ሳምንቱን ሙሉ ትንሿን ጣቱን አጥፎ ሲለማመድ ሰነበተ።

እሑድ ሙሽራይቱ የብር አክሊሏን ደፍታ በፈረስ፣ ወንድሟ በእግሩ ከፊቷ፣ ሰርገኛው ከኋላ ሆኖ ሲጓዙ፣ ኦስሙንድ በአጥራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ታርየይን ላብ አጠመቀው፤ «ሌባ!» ቢባል ሰልፉ ይቆማል፣ ሙሽራን በመንገድ ያስቆመ ባለ ቫዮሊን ደግሞ በዚያ ሸለቆ ዳግመኛ ደጋን አያነሣም። አዛውንቱ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ ታርየይ! ትንሿን ጣትህን ምን አገኛት?»

«ደህና ናት፣ አባባ» አለ፣ ደጋኑን ሳያቆም።

«የእኔንስ ያን ሰሞን ማጭድ ቆርጧት ነበር። የአንተን ምን ነካት?»

ሰርገኛው በሳቅ ፈነዳ፤ የታርየይ ፊት በርበሬ መሰለ። ጉንቮር ግን ከፈረሷ ላይ ሆና፣ «ወንድሜ፣ እነሱ ይሳቁ፤ አንተ ሂድ!» አለችው፤ ሄደም። ኦስሙንድም ከአጥሩ ወርደው፣ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ምቱን እየጠበቁለት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አጀቡት፤ ከዚያ ወዲህም ስለ ስርቆቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሸለቆውም ዜማውን ትንሿን ጣት አጥፎ መጫወት ልማድ አደረገ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ኦስሙንድ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። በቀብራቸው ማዕድ ላይ ልጃቸው ሲግሪ ታርየይን ወደ ጎን ጠርታ፣ አባቷን ማጭድ ቆርጧቸው እንደማያውቅ ነገረችው። ያን ቅዳሜ የድርቆሽ ብናኝ ከሳንቃው ሲወርድ በጢማቸው ላይ አይተው፣ «መሰላሉን እንዳታነሺው፣ ሰው ይወርድበታል» ብለዋት ኖሯል፤ ጣታቸውን ለምን አጥፈው እንደተጫወቱ በጠየቀቻቸው ጊዜም የመለሱላት ይህን ነበር፦ «በጉን ወደ ሰው መስክ የሚለቅ፣ አስቀድሞ ጆሮው ላይ ምልክቱን ያደርጋል።»