የመደገፊያው ልብስ

የሆስፒታሉ የዊልቸር ባለሙያ ሦስት የጀርባ መደገፊያዎች ግድግዳው ሥር ደርድሯል፤ አጭር፣ መካከለኛና እስከ ትከሻ የሚደርስ። ከሚስቱ ጋር የመጣው ባል ዓይኑን የጣለው አጭሩ ላይ ነው። ከመሰላል ወድቆ ከደረቱ በታች ስሜት ያጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ረጅሙ በሽተኛ ያስመስለኛል ብሎ ድርቅ አለ። አጭሩ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን እንዲያነሳ ሲጠየቅ ግን እንደ ባዶ ጆንያ ወደ ጎን ተጣጠፈ። ሚስቱ ደርሳ አቀናችው።

"ረጅሙን ውሰድ። ካስጠላህ እኔ አለብሰዋለሁ" አለችው።

ልብስ ሰፊ ናት፤ እጀ ወርቅ። አኩርፎም ቢሆን እሺ አላት።

ባለሙያው ሁለት ነገር አጥብቆ ነገራቸው። በጀርባውና በመደገፊያው መካከል ምንም አይጨመር፤ ጀርባው በየቀኑ ይታይ፣ ጠቁሮ የሚሞቅ ቦታ ካለ ወዲያው ከወንበሩ ይውረድ። ሆስፒታል ሳለ አጠገቡ ይተኛ የነበረው ሹፌር የሞተው እንዲህ በጀመረች ቁስል ነው። ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ስሙን አላነሱም።

እሷ ግን ልብስን ከጭማሪ አልቆጠረችውም። ልብስ ሰፊ እንዴት ብላ ትቁጠረው! ጠንካራ ሰማያዊ ጨርቅ መርጣ ሁለት ቁራጭ አድርጋ መሃል ላይ ሁለት ረድፍ ባለው ድርብ ስፌት ገጠመች፤ እንዳይንሻፈፍም በሜትር ለክታ ልክ አከርካሪው ላይ አዋለችው። እሱም ደረቱን ነፍቶ ሥራ ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስልክ ይጠግናል። ያየው ሁሉ ወንበሩን ሲያደንቅ የሷ ደስታ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ ሥራ በዛ። ጀርባህን ልይ ስትለው ደክሞኛል፣ ነገ ታይዋለሽ ይላታል። ደስታውን ማደፍረስ ፈርታ ሦስት ቀን ሳታይ አለፈች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ብርድ ብርድ አለው። ጉንፋን ነው ብሎ ቢስቅም አልሰማችውም፤ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋው ሸሚዙን ገለጠች።

አከርካሪውን ተከትሎ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ወርዷል። እጇን ስታሳርፍበት ይሞቃል፤ ወደ ታች ቆዳው ተከፍቶ ረጥቧል። ሁለት ረድፍ ነው። በመካከላቸው ያለውን ስፋት መለካት አላስፈለጋትም።

"ምን አየሽ?" አላት።

እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ አልደረሰም።

"ስፌቴን" አለችው።